የካስማ አፍ

ከአዳራሹ ጓሮ ባለችው ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የሚነሣው ክርክር ሰው ሳያጣላ አይበርድም ነበር። ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአዳራሹ የሬስሊንግ ትርኢት ከሚታገሉት ሴቶች መካከል ማይክ የምትችለው፣ ተናግራ ሰው የምትይዘው የትኛዋ ናት?

«ጉልበትማ ካስማ!» አለ አንዱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ። «እሷን ከቆመችበት የሚነቅል ገና አልተወለደም። ግን ማይክ ስትይዝ አይተሃታል? የቤቷን ቁልፍ ጥላ በር ላይ የቆመች ሴትዮ ነው የምትመስለው።»

«ድሮ እንዲህ አልነበረችም እኮ። ድሮ ስትናገር የሰው ፀጉር ይቆም ነበር።»

«ድሮን ተወው። ምላጭን ስማት። ግማሽ ቃል ትነግርህና ዝም ትላለች። ግማሹን አንተው በሆድህ ትጨርሰዋለህ። ጨረስኩ ስትል እሷ ያላሰብከውን ትጨምርልህና አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ። ሞገስ ማለት ይኼ ነው።»

«ሞገስ አይደለም፣ ብልግና ነው» አሉ ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ ከጥግ። «ሞገስ ያለው ሰው ገና ሳይናገር አዳራሹ ይሞላል። የዛሬ ልጆች አዳራሹን የሚሞሉት በስድብ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ስድቡን ለመስማት አይደል ከበሩ ጠፍተው ውስጥ የሚገቡት!»

ሳቅ ሆነ። የሻይ ቤቱን ሰው ከተፋላሚዎቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ካስማ ከቆርቆሮው ወዲህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትስብ ሁሉንም ሰማች። ማሰሪያው እጇ ላይ ተበጠሰ።

ካስማ የመድረክ ስሟ ነው። በሥራ ቀን በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ከማጠቢያው ማሽን አንሶላ እያወጣች ወደ ማድረቂያው ትከታለች። ውሃ የጠጣ አንሶላ ከሰው ይከብዳል። ክንዷን ያፈረጠመው እሱ ነው፤ ሰው አንሥቶ መጣሉ ለእሷ የሥራዋ ቅጥያ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ምላጭ የሚሏት ደግሞ የታናሽ ወንድሟ ሚስት ናት። ጫማ መሸጫ ውስጥ ስትሠራ ከአዳራሹ ጋር ያስተዋወቀቻትም፣ አወዳደቅ ያስተማረቻትም ካስማ ራሷ ናት። እሳቱን በገዛ እጇ ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችው ማለት ይህ ነው።

ያ «ድሮ» የሚባለው ነገር ግን ሰው ያላወቀው ምሥጢር ነበረው።

ታናሽ ወንድሟ ተብታባ ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከፍሪጅ ጋር ብዙ ወሬ ስለሌለ ሥራው ተስማምቶታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቃል ሊያወጣ ሲል ጉሮሮው በር እንደተዘጋበት ሰው ይታገላል። አንድ ነገር ብቻ ያስለቅቀዋል፤ ሌላ ሰው አብሮት እኩል ሲናገር ምላሱ አይያዝም። ይህን ያወቁት በልጅነታቸው የማባዣ ሠንጠረዥ አብረው ሲያነበንቡ ነው። እህቱ ድምፅዋን ከድምፁ ስትገጥም እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር። እና ይህ ልጅ መናገር ቢያቅተውም የሚለው አያጣም። ነገር ሲያዋቅር፣ ቃል ሲያስል አቻ አልነበረውም። ካስማ ትግል ስትጀምር ማይክ ላይ የምትለውን ሁሉ የሚያበጅላት እሱ ነበር። ሱቁ ውስጥ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ፍሪጆች መካከል ተቀምጠው አንድ ላይ ይሉታል፤ ደጋግመው፣ እኩል፣ እየሳቁ። ቅዳሜ እሷ ብቻዋን ትለዋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አገባ፤ ሚስቱም ተፋላሚ ሆነች፤ እሱም ከጊዜ በኋላ «ሥ... ሥራ በዛብኝ፣ እታለም» ማለት ጀመረ። ካስማ ከዚያ ወዲህ ማይክ ስትይዝ ባዶ እጇን የወጣች ያህል ነበረች።

የአዳራሹ ባለቤት ደወሉን ለማንም አምነው ስለማይሰጡ ጋሽ ደወል ይባላሉ። በዚያ ቅዳሜ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገብተው ሁለቱን ሴቶች አቆሟቸው።

«ስሙኝ» አሉ። «ከዚህ ወር በኋላ ሌሎች ከተሞች እንዞራለን። ፖስተሩ ላይ የሚወጣው አንድ ፊት ነው። መጣሉንና መውደቁን ሁለታችሁም ታውቁበታላችሁ፤ እሱን እኔው ነኝ የማደላድለው። ሰውን ወንበር ላይ የሚያቆየው ግን አፍ ነው። ዛሬና የሚመጣው ቅዳሜ ማይክ እሰጣችኋለሁ። አዳራሹ ራሱ ይፍረድ።»

«ለእታለም አዝናለሁ» አለች ምላጭ ፀጉሯን እያሰረች።

«ለራስሽ እዘኚ» አለች ካስማ።

«አየሽ? ይሄንን እንኳ ሌላ ሰው ብሎት ያውቃል።»

ምላጭ ማይክ ስትይዝ አትቸኩልም። ጫማ መሸጫ ውስጥ የለመደችው ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሰውን እግር ታያለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ፊቱ ታነሣለች፤ የታየው ሰው እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ይሰበስባል። በመታገያው መድረክ፣ በሪንጉ ገመድ ዙሪያ እንዲህ እያየች ዞረች። አዳራሹ ፀጥ አለ።

«ቤታችሁ በር አላችሁ?» አለች በዝግታ።

«አለን!»

«አቅፋችሁት ታውቃላችሁ?»

ሰው ሳቀ። ምንነቱን ሳያውቅ ሳቀ።

«አንድ ሰው ነበር፤ ደህና ሰው፣ ሥራ ያለው፣ እናቱ የምትመርቀው። ይህችን ሴት ሊያገባ ፈለገ። ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን አቀፋት። ከዚያ ምን ያላት ይመስላችኋል?» የፊተኛውን ረድፍ ጫማ አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች። «‹ይቅርታ፣ በር ያቀፍኩ መሰለኝ› አላት።»

አዳራሹ ፈነዳ። አንዱ የተቀመጠበትን እንጨት በጉልበቱ አንኳኳ፤ ጎረቤቱ ተከተለው፤ ወዲያው አዳራሹ ሙሉ ኳ! ኳ! ኳ! ሆነ። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «ማነው?» ብሎ ሲጮህ ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

ካስማ ጆሮዋ ነደደ። ያ ሰው እውነተኛ ሰው ነበር። እንዲያ ያላትም እውነት ነው፤ እየሳቀ ነበር ያለው፣ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ለእናቷ «እኔ ነኝ የተውኩት» ብላ ነው የነገረቻት። እውነቱን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለወንድሟ፣ ሱቁ ውስጥ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች።

ማይኩ ወደ እሷ መጣ። «እግርሽን እሰብረዋለሁ» አለች። የሚጨመር ስታጣ «እሰብረዋለሁ!» ብላ ደገመችው። ሰው የመለሰላት ኳ ኳ ብቻ ነበር።

እሑድ ምሳ ሁሉም የሚሰበሰቡት እናታቸው ቤት ነው። ካስማ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«በይ እስቲ እዚህም በይው! እናቴ ፊት በይው!»

«ምኑን?» አለች እናቷ ሳህን እንደያዘች። «ገና ሳትቀመጡ ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ጨ... ጨ... ጨዋ...» አለ ወንድሟ።

«ጨዋታ ነው ሊልሽ ነው» አለች ሚስቱ ዳቦ እየቆረሰች። «ሥራ ነው። ቅዳሜ እጠላሻለሁ፣ እሑድ አብረን እንበላለን። አንቺ አይደለሽ ይሄንን ያስተማርሽኝ?»

«አፍሽን ከአፉ ላይ አንሺ! ይጨርሰው፣ ተይው!»

«ሲጨርስ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ወንድሟ ሳቀ። ካስማን ከሁሉ የበለጠ ያቃጠላት ይህ ነው፤ በራሱ ላይ በተነገረ ቀልድ ሚስቱን እያየ ሳቀ። እሷ በልጅነታቸው በዚሁ ነገር የሳቁበትን የሰፈር ልጆች ስንቱን በቡጢ አፍንጫውን አድምታ ነበር።

«ምን ብላ አውጥታብህ ነው?» አለችው። «እንዴት አድርጋ ነው ከሆድህ የፈለቀቀችው?»

ወንድሟ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ። እናትየዋ ሳህኗን አስቀምጣ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «የምን ነገር ነው የምትሉት? ጎረቤት የነገረችኝ የበር ቀልድ ነው? ያ ሰውዬ... ተወኝ ነው እንዴ፣ ተውኩት ነው ያልሽኝ?»

ካስማ ሳትቀመጥ ወጣች።

ሰኞ ሥራ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። ከሥራ ጓደኞቿ አንዷ ካስማ ስታልፍ የካውያ ጠረጴዛውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ካስማ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ፊቷ ላይ ወረወረችባትና ተቆጣጣሪው እስኪገላግላቸው ድረስ ተያያዙ።

ንዴቱ ለሁለት ቀን አላስተኛትም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ልጁ ምን ያድርግ? አለች። ያቺ ምላስ ያላት ሴት አጣብቃ ይዛው ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነባት ወንድሟ ሳይሆን ሚስቱ ናት። ሙዝ ገዛችና ከሥራ መልስ ወደ ቤታቸው ሄደች። ወንድሟን ለብቻው ጠርታ «እንደ ድሮው ለቅዳሜ አንድ ነገር አብጅልኝ» ልትለው ነው። እምቢ እንደማይላት እርግጠኛ ነበረች።

ፀሐይ ገና አልገባችም። በሩ ገርበብ ብሏል። እጇን ልታነሣ ስትል ከውስጥ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲናገር ሰማች፤ የሴትና የወንድ። የወንዱ ድምፅ ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ ነበር። መጀመሪያ እንግዳ ያለባቸው መሰላት። ከዚያ የወንድሟ መሆኑን አወቀች።

«እናቷ ሴት ልጅ ወለድኩ ብላ ነበር» ይላሉ ሁለቱ እኩል፣ «አባቷ ሊያያት ገባና ወጣ፤ ‹ልጁ የታለ? ያስቀመጣችሁት ቁም ሣጥን ነው› አለ።»

ከዚያ የምላጭ ድምፅ ብቻውን መጣ፤ «ይሄስ በዛ። አባቷን ተወው፤ አባትህም እኮ ነው። የሞተ ሰው ነው።»

«አ... አ... አይበዛም» አለ ወንድሟ። «እ... እንዳለ ይሁን።»

«የበሩ ይበቃናል ስልህ...»

«በ... በሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ይ... ይሄንንም እኔ ነኝ። አንድ ላይ እንበለው፤ በ... በይ።»

ካስማ በሩን በእግሯ ከፈተችው። ሁለቱም ተነሡ። ምላጭ መጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው፤ ያኔ ግን ዓይኗን ወደ ፊቷ አላነሣችም።

«አንተ ነህ?» አለች ካስማ። «አንተ ነህ ያዋቀርከው? የገዛ እህትህን?»

ወንድሟ ከንፈሩን ገጠመ። ጉሮሮው ወጣ ገባ ይል ጀመር። ሚስቱ ልትረዳው አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት።

«ስ... ስ... ስድስት ዓመት» አለ፣ «አ... አፍሽ ነበርኩ። ስ... ስድስት ዓመት። አንድ ቀን... የ... የወንድሜ ነው ብለሻል? ጋ... ጋሽ ደወል አስተዋዋቂ ሲፈልጉ... ለ... ለቀልድ ስሜን ሲጠሩ... ምን አልሽ?»

ካስማ ረስታው ነበር። አሁን ግን ወዲያው ትዝ አላት። «እሱ? ‹እንደምን ዋላችሁ› ብሎ ሳይጨርስ ሰው ቤቱ ይገባል» ነበር ያለችው፤ ሰውም ስቆ ነበር። ልጁ በር ላይ መቆሙን አላየችም።

«ለሳቅ ነው ያልኩት።»

«እ... እኔም ለሳቅ ነው» አለ።

ሙዙን መሬት ላይ ጣለችው። «ቅዳሜ እንገናኛለን» ብላ ወጣች። ከኋላዋ የተከተላት ሚስቱ እንጂ እሱ አልነበረም። «እታለም፣ የአባትሽን ነገር አልለውም» አለች ምላጭ ደጁ ላይ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። «ስሚኝ፤ እሱን አልለውም።»

«የፈለግሽውን በይ። የሚልሽ ሰው አለሽ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበር ማንኳኳት ጀመረ። ወንድሟ እንደ ልማዱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመተላለፊያው ጠርዝ ተቀምጧል። ጋሽ ደወል ደወላቸውን ይዘው ቆሙ። ስምምነቱ ምላጭ በተንኮል እንድታሸንፍ፣ ካስማ ደግሞ ወደፊት እንድትበቀል ነበር፤ ፖስተሩ የማን እንደሚሆን ግን ማይኩ ይወስናል።

ምላጭ ጀመረች። ያን ቀን ከወትሮዋ በላይ ነበረች ይባላል። በሩን አመጣች፤ ማጠፊያው ዘይት ስለሚፈልገው በር፣ አንኳኩቶ ስለሚሸሸው ጎረቤት፣ ካስማ ስታስነጥስ ስለሚናወጠው ቤት ተናገረች። አባቷን እንዳለችው አልጠራችም። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ካስማ ግን እሷን አልነበረም የምታየው። ሦስተኛውን ረድፍ ነበር። የወንድሟ ከንፈር ከሚስቱ ቃል ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ የለውም፣ ነገር ግን አንዲት ፊደል አያጣም። ፊቱ ላይ ደስታ ነበረ። እንዲያ ደስ ብሎት ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ለእሷ ሲያበጅላት ነው።

ማይኩ ተሰጣት። ኳ! ኳ! ኳ!

ማይኩን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ብዙ ስለቆየች ማንኳኳቱ እየቀዘቀዘ ሄደ።

«ጥሩ ተናገረች» አለች ካስማ። ድምፅዋ ተራ ነበር፤ አልጮኸችም። «አጨብጭቡላት። ግን የራሷ አይደለም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ያበጀላት ሌላ ሰው ነው። እዚህ አለ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጠርዙ ላይ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰው። ባሏ ነው። ወንድሜም ነው። የበሩን ቀልድ ከባለቤቱ አፍ መስማት አትፈልጉም?»

«እንፈልጋለን!» አለ አዳራሹ።

ምላጭ ነገሩ ገባት። «ተዪ!» ብላ ወደ እሷ ተራመደች፤ ካስማ ግን በአንድ እጇ ደረቷን ገፍታ አቆመቻትና በሌላው እጇ ማይኩን ከገመዱ በላይ ለፊተኛው ረድፍ ሰጠች። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አንዱ ለወንድሟ አስጨበጠው፤ ሌሎቹ በብብቱ ይዘው አስነሡት።

ወንድሟ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ወደ ሪንጉ፣ ወደ እህቱ አየ።

እዚህ ላይ ካስማ ማድረግ የምትችለው ነገር ነበረ። አፏን ከፍታ አብራው ብትጀምር ኖሮ ልጁ ይናገር ነበር። ያለ ማይክ፣ ከቆመችበት፣ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስለት እንኳ ይበቃው ነበር። ታውቀዋለች፤ ከዓለም ሰው ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እሱም የሚያያት ያንን ፈልጎ ነው። ጥርሷን ገጥማ ቆመች።

«በ...» አለ። «በ... በ... በ...»

መጀመሪያ አንዲት ልጅ ሳቀች። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ «በ! በ! በ!» ብሎ አገዘው። ሌላው ተቀበለው። አዳራሹ ሙሉ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ እጁን እያጨበጨበ «በ! በ! በ!» ይል ጀመር። ወንድሟ አፉን ከፍቶ እየታገለ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ምላጭ በገመዱ ሥር ሾልካ ወርዳ ሰው እየገፋች ወደ እሱ ስትሄድ፣ ሰው የትርኢቱ አካል መስሎት እየሳቀ መንገድ ዘጋባት። ከመድረሷ በፊት የካስማ ወንድም ማይኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና በመተላለፊያው ወጣ። ሮጦ አይደለም። እየተራመደ ወጣ፤ ሰው እስከ በሩ ድረስ «በ! በ!» እያለ ሸኘው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትግል ጨዋታ አልነበረም። ምላጭ ተመልሳ ሪንጉ ላይ ወጣችና የተመከረውን ሁሉ ረስታ ካስማን በጥፍሯ ፊቷን ቧጨረቻት። ካስማ እንደ እርጥብ አንሶላ አንሥታ ጣለቻት። ጣለቻት፣ ደገመችም። «ይበቃል! ይበቃል!» እያሉ ጋሽ ደወል ያለ ሰዓቱ ደወሉን ደወሉ። አዳራሹ «ካስማ! ካስማ!» ይላል። ስሟን እንዲያ ሲጠሩት ሰምታ አታውቅም።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጋሽ ደወል ትከሻዋን መቱ። «ዛሬ ገና ማይክ ቻልሽ» አሏት። «ራስሽ ሳትናገሪ አዳራሹን አናገርሽው። ይሄ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ፖስተሩ ያንቺ ነው።»

ከቆርቆሮው ወዲያ ሻይ ቤቱ ይንጫጫ ነበር። «አላልኩህም? ሞገስ የካስማ ነው!» «እኔ ምላጭን እመርጣለሁ ያልኩት ቀልዴን ነው።» ሽማግሌው ትኬት ቆራጭ ብቻ «እኔ ማይክ ሲችል ያየሁት ሰው የለም ዛሬ» አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም።

ፖስተሩ ወጣ። ካስማ በፖስተሩ ላይ ክንዷን አጣምራ ትታያለች። በመጀመሪያው ከተማ ያዩዋት ሰዎች ወሬውን ሰምተው ስለነበር ማይክ ስትይዝ «ወንድምሽን አምጪ!» አሏት። ጋሽ ደወል አንድ ልጅ ከፍለው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሊያስቀምጡ ፈለጉ፤ እንደ ተብታባ የሚያወራ ልጅ። ካስማ አንገቱን ይዛ ከአዳራሹ አስወጣችው። በሁለተኛው ከተማ የራሷን ቃል ሞከረች፤ እግርሽን እሰብረዋለሁ አለች። በሦስተኛው ከተማ ጋሽ ደወል ማይኩን ከእጇ ወስደው ለአስተዋዋቂው ሰጡት። ፖስተሩ በሌላ ሴት ፊት ተተካ። ካስማም ሳይለምኗት ሳትለምናቸው ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ምላጭ ወደ አዳራሹ ዳግመኛ አልመጣችም። ሌላ ሰፈር ጫማ መሸጫ ውስጥ አይቻታለሁ ያለ አለ። እሷም ባሏም እሑድ ወደ እናትየዋ ቤት መምጣት ተዉ። እናትየዋ ግራ ቀኙን ለማስታረቅ ስትሞክር ከልጇ ያገኘችው መልስ የተዘጋ ሱቅ ብቻ ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል የእናትየዋ ፍሪጅ ተበላሸ። ሙቀቱ የበረታበት ሰሞን ነው፤ መድኃኒቷም ውስጡ ነበር። ካስማ ያን ቀን ከሥራ ቀድማ ወጥታ ወደ ቤት ስትገባ ወንድሟን ከፍሪጁ ጀርባ ተንበርክኮ አገኘችው። ከስቷል። ሹራቡ አዲስ ነው። እናትየዋ መካከል ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች።

«ወንድምዓለም» አለች ካስማ።

እሱ ጠመዝማዛውን ቧንቧ ሲያስተካክል፣ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ሽቦ ሲያያይዝ ቆየ። ካስማ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። ስታገኘው ልትነግረው ያሰበችው ብዙ ነገር ነበራት፤ ሥራ ላይ፣ ከማድረቂያው ፊት፣ ብቻዋን ስትለማመደው የከረመችው። አንዱም አፏ ላይ አልመጣም።

ጨርሶ ተነሣ። እጁን በፎጣው ጠረገና ወደ እሷ ዞረ። አፉን ከፈተ።

«እ...» አለ። «እ... እ... እኔ...»

እናትየዋ ልትረዳው ስትል ካስማ በእጇ ዝም አሰኘቻት። ቆመች፤ ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሣ፣ አፏን ሳትከፍት፣ ራሷን ሳትነቀንቅ ጠበቀችው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ውጭ መኪና አለፈ፣ ልጆች ኳስ እየመቱ ሄዱ።

«እኔ... ባ... ባለሁበት... ቀ... ቀን... እ... እዚህ ቤት... አ... አትምጪ።»

«እሺ» አለች።

የመሣሪያ ቦርሳውን አንሥቶ በአጠገቧ ወጣ። ትከሻው ሳይነካት ነው ያለፈው፤ ለመዞር ቦታ አልነበረውም፣ ግን ዞራት።

«ያቀዘቅዝ ይሆን?» አለች እናትየዋ የፍሪጁን በር ከፍታ እጇን እያስገባች።

ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ለልጇ ረቡዕን መደበችለት። ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ካስማ እሑድ ትመጣለች። ከረቡዕ የተረፈ ሾርባ ካለ እናትየዋ አሙቃ ታቀርብላታለች፤ ካስማም ምን አሉ፣ ምን ተወራ ብላ ሳትጠይቅ ትበላለች።